ነዳጁን ማን አቃጠለው? ስለ ጥርጣሬና ስለ ማስረጃ

በጦርነት ጊዜ አንድ የነዳጅ ተቋም ወይም የጋዝ ቧንቧ በተመታ ቁጥር ከእሳቱ ጋር እኩል የሚነሳ ጥያቄ አለ። እርሱም «ማን አደረገው?» የሚል ነው። ጥያቄው መነሳቱ ተገቢ ነው። የሚያስገርመው መልሱ የሚመጣበት ፍጥነት ነው። እሳቱ ሳይጠፋ፣ መርማሪ ከቦታው ሳይደርስ፣ ስብርባሪው ሳይለቀም የጥፋተኛው ስም በሺህ አፍ ይጠራል። ሁሉም የሚጠራው ደግሞ ቀድሞውንም የጠላውን ወገን ነው።

አበው «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ብለዋል። እውነት ብለዋል። ነገር ግን ይህ አባባል ገንፎውን በጥንቃቄ እንድንጎርስ የሚመክር እንጂ ገንፎውን ያገነፋችውን ሴት «ሆን ብላ ስንጥር ከተተችብኝ» ብለን ዳኛ ፊት እንድናቆም የሚፈቅድ አይደለም። ለጥንቃቄ ጥርጣሬ ይበቃል፤ ለክስ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት በእኛው ዘመን የደረሱ ጥቂት ጥፋቶችን እናንሳ። የምንጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 ንጋት ላይ በምሥራቅ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚገኙት የአብቀይቅ የነዳጅ ማቀነባበሪያና የኹረይስ የነዳጅ መስክ በሰው አልባ አውሮፕላኖችና በክሩዝ ሚሳይሎች ተመቱ። አብቀይቅ ተራ ቦታ አይደለም። ከጉድጓድ የወጣ ድፍድፍ ነዳጅ ከተቀላቀለበት መርዛማ ጋዝ ተለይቶ በመርከብ ለመጫን የሚዘጋጅበት፣ በዓይነቱ በዓለም ትልቁ ተቋም ነው። በዚያች ንጋት በቀን 5.7 ሚሊዮን በርሜል የሚያህል ምርት ቆመ። ይህ የሳዑዲ ምርት ግማሽ፣ የዓለም አቅርቦት ደግሞ 5 በመቶ ያህል ነበር። ሰኞ ሴፕቴምበር 16 ገበያ ሲከፈት ብሬንት የሚባለው የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ወደ 20 በመቶ ዘለለ፤ ማምሻውን ጋብ ቢልም ወደ 15 በመቶ ጨምሮ ነበር የዋለው። ነዳጇን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ ለምታስገባው ሀገራችን ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ልጆቻቸውን ለእንጀራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ለላኩ ወላጆች ደግሞ ከዋጋው በፊት የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነበር፤ ጦርነቱ ይስፋፋ ይሆን?

በዚያው ዕለት የየመን ሑሢዎች በ10 ሰው አልባ አውሮፕላኖች ጥቃቱን የፈጸምነው እኛ ነን አሉ። በዚያው ዕለት የወቅቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክ ፖምፒዮ ጥቃቱ ከየመን ለመነሳቱ ማስረጃ እንደሌለ ገልጸው ኢራንን ወነጀሉ። ኢራን ካደች። ስሟ መነሳት የጀመረው ኢራቅም በበኩሏ ጥቃቱ ከግዛቴ አልተነሳም አለች። እንግዲህ ልብ በሉ። አንዱ አላደረግሁም ሲል ሌላው እኔ ነኝ ይላል፤ «እኔ ነኝ» ያለውን ደግሞ ሦስተኛው ወገን አንተ አይደለህም ይለዋል።

የእኛም ሰው ዝም አላለም። ኢራንን የሚጠላ «ኢራን ናት» ለማለት የሚሳይል ስብርባሪ ማየት አላስፈለገውም። በየመን ላይ በሚዘንበው የቦምብ ናዳ ልቡ የቆሰለ ደግሞ የሑሢዎቹን መግለጫ ሳያላምጥ ዋጠው። በሁለቱም ወገን ውሳኔውን የሰጠው ማስረጃ ሳይሆን ስሜት፣ አንዳንዴም የመዝሀብ ወገንተኝነት ነው።

ለመሆኑ አንድ ሰው «እኔ ነኝ» ካለ ምን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል? ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በፊቅህ መጻሕፍት ኢቅራር ወይም የተከሳሽ የእምነት ቃል ከማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሆኖም ዑለሞች ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠውለታል። በዓይን የሚታይ እውነታ የሚያስተባብለው ኢቅራር ተቀባይነት የለውም። የሃያ ዓመት ወጣት የአርባ ዓመቱን ጎልማሳ «ልጄ ነው» ብሎ ቢያምን ቃዲው አይቀበለውም። ምክንያቱም ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር የሚታመነው ራሱን ስለሚጎዳ ነው። ጥቃትን «የእኔ ነው» ማለት በሚያስከብርበት ቦታ ግን የእምነት ቃል ትርጉሙ ይለወጣል፤ ኑዛዜ መሆኑ ቀርቶ ፉከራ ይሆናል። ወይም ደግሞ የወዳጅን ስም ለመሸፈኛ የሚወረወር ጨርቅ ይሆናል።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 18፣ የሳዑዲ መከላከያ ሚኒስቴር ስብርባሪዎቹን ሰብስቦ ለጋዜጠኞች አሳየ። ጥቃቱ የተፈጸመው በ10 ሳይሆን በ25 መሣሪያዎች እንደሆነ አስታወቀ። 18ቱ በአብቀይቅ ላይ የተላኩ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ሲሆኑ 7ቱ ክሩዝ ሚሳይሎች ነበሩ። ከሚሳይሎቹ 4ቱ ኹረይስን ሲመቱ 3ቱ አብቀይቅ ሳይደርሱ ወድቀዋል። ሚኒስቴሩ መሣሪያዎቹ የመጡት ከሰሜን አቅጣጫ ነው፤ የመን ያለችው ግን በደቡብ ነው አለ። በጃንዋሪ 2020 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ የመን ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን የመሣሪያዎቹን የመብረር አቅምና የመጡበትን አቅጣጫ መርምሮ ጥቃቱን ሑሢዎች አልፈጸሙትም ከሚል መደምደሚያ ደረሰ። በጁን 2020 ደግሞ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ለጸጥታው ምክር ቤት ባቀረቡት ሪፖርት ሚሳይሎቹ ወይም ክፍሎቻቸው የኢራን ሥሪት መሆናቸውን ገለጹ።

እንግዲህ ማስረጃን ማንበብ ማለት ከዚህ ላይ በእርጋታ መቆም ነው። የተረጋገጠው ምንድን ነው? የእኔ ነው ያለው ወገን ቃል ከእውነታው ጋር እንደማይገጥም በጠንካራ ሁኔታ ታይቷል። መሣሪያው የት እንደተሠራም ታውቋል። ነገር ግን ቢላዋው የመርካቶ ቀጥቃጭ ሥራ ስለሆነ ገዳዩ የመርካቶ ሰው ነው አይባልም። የክሩዝ ሚሳይል ደግሞ እንደ ተወረወረ ድንጋይ አንዴ በያዘው መስመር ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ እንዲታጠፍ ተደርጎ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው የበረራ አቅጣጫ የተነሳበትን ሜዳ ብቻውን አይነግረንም። ብሪታኒያ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 በጋራ ባወጡት መግለጫ ኃላፊነቱን በኢራን ላይ ጥለዋል። ለዚህ ጸሐፊ ሚዛኑ ወደዚያው ማዘንበሉ አይካድም። ሆኖም ማዘንበልና መረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ የዚያን ሳምንት ሁኔታ ያስታውስ። ሴፕቴምበር 15 የወቅቱ ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሀገራቸው ለመምታት ዝግጁ መሆኗን፣ የሚጠብቁትም ማረጋገጫውንና ሳዑዲ ጥፋተኛው ማን ነው እንደምትል መሆኑን በይፋ ጽፈው ነበር። ማለትም የአንድ አካባቢ ሕዝብ ሕይወት በአንድ ስም መጠራት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ስሙ በስህተት ቢጠራስ? የሑሢዎች ቃል እንዳለ ቢወሰድ በቀሉ የሚወርደው በሰንዓና በሑደይዳ ድሆች ላይ ነበር። የኢራን ስም ሲጠራም እሳቱ የሚዳረሰው ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ሁሉ፣ የእኛን እህትና ወንድሞች ጨምሮ ነበር።

የቁርኣን ሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣ አረጋግጡ ብሎ ያዛል። የተፍሲር መጻሕፍት የዚህን አንቀጽ ምክንያት ሲዘግቡ የሚተርኩት ታሪክ ስለ ጦርነት መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘካ እንዲሰበስብ ወደ በኑል ሙስጠሊቅ የላኩት ሰው ከመንገድ ተመልሶ ዘካውን ከለከሉኝ፣ ሊገድሉኝም ነበር አለ። በዚህ ወሬ ዘመቻ ሊነሳባቸው ምንም አልቀረም ነበር። ነገሩ ሲጣራ ግን ሰዎቹ የወጡት መልእክተኛውን ሊቀበሉ ነበር። በወሬ ምክንያት በነገዱ ላይ ሊወርድ የነበረው ምን እንደሆነ አስቡት።

የአብቀይቁ ጉዳይ ወደ ሰፊ ጦርነት ሳያመራ አለፈ። ሑሢዎች ሴፕቴምበር 20 በሳዑዲ ላይ የሚያደርጉትን ጥቃት ለማቆም ሐሳብ አቀረቡ፤ ማርች 10 ቀን 2023 ደግሞ ሳዑዲና ኢራን ቤጂንግ ላይ ግንኙነታቸውን ለማደስ ተስማሙ።

አሁን ደግሞ ወደ አውሮፓ እንሻገር። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 በባልቲክ ባሕር፣ ቦርንሆልም በምትባለው የዴንማርክ ደሴት አጠገብ፣ የሩሲያን ጋዝ ወደ ጀርመን እንዲያደርሱ የተዘረጉት የኖርድ ስትሪም ቧንቧዎች ፈነዱ። ከአራቱ ቧንቧዎች ሦስቱ ተበጠሱ። የመጀመሪያው ፍንዳታ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ቀጣዮቹ ደግሞ በዚያው ዕለት ምሽት ነበሩ። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግቡ ጣቢያዎች ንዝረቱን ስለመዘገቡት ፍንዳታ መሆኑ ብዙም አላከራከረም። ቧንቧው እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ብረት ሆኖ በኮንክሪት የተሸፈነ ነው፤ ያረፈውም 70 እና 80 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። በራሱ የሚፈነዳ ነገር አይደለም። አንደኛው ኖርድ ስትሪም በዚያ ወር መጀመሪያ ላይ ጋዝ ማስተላለፍ አቁሞ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ በ2021 ተሠርቶ ቢያልቅም አንድም ቀን ሥራ አልጀመረም። ሆኖም ውስጣቸው በጋዝ የተሞላ ስለነበረ ባሕሩ ለቀናት ሲፍለቀለቅ ዓለም በቴሌቪዥን ተመለከተው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ያነሳው አንድ መለኪያ ነበር፤ «ማን ይጠቀማል?» የሚለው። ይህ ጥያቄ ብልህ ይመስላል። ይሁንና በኖርድ ስትሪም ላይ ስንሞክረው ምን ያህል ከንቱ ሊሆን እንደሚችል እናያለን። አሜሪካ ትጠቀማለች ተባለ፤ ፈሳሽ ጋዟን ለአውሮፓ ትሸጣለችና። ፕሬዝዳንት ባይደንም ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ሁለተኛው ኖርድ ስትሪም እንደማይኖር ተናግረው ነበር። ዩክሬን ትጠቀማለች ተባለ፤ ጠላቷ ገቢ ታጣለች፣ በእርሷ መሬት የሚያልፈው ቧንቧም ዋጋው ይጨምራል። ሩሲያ ትጠቀማለች ተባለ፤ አውሮፓን ታስፈራራለች፣ ጋዝ በማቋረጧ የሚመጣባትንም የካሣ ክስ «ቧንቧው ተበጥሷል» ብላ ታመልጣለች። ሁሉም ተጠቃሚ ከሆነ ጥያቄው ማንን ለየ? በጦርነት ውስጥ ከሚደርስ ከማንኛውም ጥፋት የሚጠቀም ሰው አይጠፋም። አባት ሲሞት ልጁ ይወርሳል፤ ስለወረሰ ግን ገዳይ አይባልም። መጠቀም ምርመራው ከየት እንደሚጀምር ሊጠቁም ይችላል፤ ምርመራውን ግን አይዘጋም።

ሆኖም ስሞች ተራ በተራ ተጠሩ። ፍንዳታው በደረሰ ማግስት የፖላንድ የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ራዶስላቭ ሲኮርስኪ አሜሪካን የሚያመሰግን ጽሑፍ ለጥፈው በኋላ አነሱት። በኦክቶበር መጨረሻ ሩሲያ የብሪታኒያን ባሕር ኃይል ከሰሰች። በፌብሩዋሪ 2023 አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ሲሞር ኸርሽ ሥራው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ነው ብሎ ጻፈ፤ ዋይት ሐውስ አስተባበለ። በማርች 2023 ደግሞ የኒውዮርክ ታይምስና የጀርመን መገናኛ ብዙኃን ዩክሬንን ወደሚደግፍ ቡድን አመለከቱ። በጀርመን የተከራየች አንድሮሜዳ የምትባል ትንሽ የመዝናኛ ጀልባ፣ ሐሰተኛ ፓስፖርት የያዙ ጥቂት ሰዎች፣ በጀልባዋ ውስጥ የተገኘ የፈንጂ ብናኝ ተጠቀሱ። የዩክሬን መንግሥት እጄ የለበትም አለ። የኸርሽ ጽሑፍና የጀልባዋ ታሪክ ልዩነት ምኑ ላይ ነው? ኸርሽ የተመረኮዘው ስሙ ባልተጠቀሰ አንድ ምንጭ ላይ ነው። የጀልባዋን ታሪክ ግን መርማሪ ሊዳስሰው ይችላል፤ የኪራይ ውል አለ፣ ፎቶግራፍ አለ፣ ብናኝ አለ። ይህ ማለት ሁለተኛው እውነት፣ የመጀመሪያው ውሸት ነው ማለት አይደለም። የሚጣራ ነገር ይዟል ማለት ነው።

ማጣራቱ ግን ዓመታት ወሰደ። ስዊድን በፌብሩዋሪ 2024 ጉዳዩ በሥልጣኔ ክልል አይወድቅም ብላ ምርመራዋን ዘጋች። ዴንማርክም በዚያው ወር ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት መሆኑን አረጋግጣ፣ በሀገሯ ክስ ለመመሥረት በቂ መነሻ እንደሌላት ገልጻ ዘጋች። ጀርመን ቀጠለች። በ2025 በጀርመን የሚፈለጉ ሁለት ዩክሬናውያን አንዱ በጣሊያን፣ ሌላው በፖላንድ ተያዙ። ጣሊያን በኖቬምበር አሳልፋ ሰጠች። ፖላንድ ግን ከለከለች። የዋርሶው ፍርድ ቤት ኦክቶበር 17 ቀን 2025 ባሳለፈው ውሳኔ ድርጊቱ በዩክሬን የተፈጸመ ቢሆን እንኳ ራስን በመከላከል ፍትሐዊ ጦርነት ውስጥ የተደረገ ስለሆነ ግለሰቡን በወንጀል አያስጠይቅም የሚል አቋም ያዘ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሲከራከር የኖረው «ማን አደረገው?» በሚለው ላይ ነበር። ዋርሶ ላይ ክርክሩ «ያደረገውስ ቢሆን ጥፋተኛ ነው ወይ?» ወደሚል ተለወጠ።

በዓለም አቀፉ ሕግም በኩል ነገሩ የተድበሰበሰ ነው። ለጄኔቫ ስምምነቶች በ1977 የተጨመረው አንደኛው ፕሮቶኮል፣ በ56ኛው አንቀጹ ግድቦችን፣ የውሃ መከላከያ ክትሮችንና የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን በስም ጠርቶ ልዩ ጥበቃ ሰጥቷቸዋል። የነዳጅ ጉድጓድና የጋዝ ቧንቧ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የተፈጥሮ አካባቢን የሚጠብቁ ሌሎች አንቀጾች ቢኖሩም የሚሠሩት ጉዳቱ ሰፊ፣ ሥር የሰደደና ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ሲሆን ነው።

ይህን ሁሉ ስናይ «ታዲያ ጥፋተኛው ተለይቶ ካሣ የተከፈለበት ጊዜ የለም ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አለ። የኩዌት ነው።

በጃንዋሪ 1991 ብዙ ሚሊዮን በርሜል ነዳጅ ወደ ባሕረ ሰላጤው ፈሰሰ። አሜሪካ ኢራቅ የኩዌትን የመርከብ መጫኛ ከፍታ ለቀቀችው አለች። ኢራቅ ደግሞ የአሜሪካ አውሮፕላኖች የነዳጅ መርከቦችን ስለመቱ ነው አለች። የፈሰሰው ነዳጅ ለሪያድ ውሃ የሚያጣራውን የጁበይልን ተቋም እንዳይበክል ሳዑዲዎች በባሕሩ ላይ መከላከያ ዘረጉ። ከዚያም የኢራቅ ጦር ኩዌትን ለቆ ሲወጣ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች ይነዱ ነበር። ቀኑ ጨለመ። እሳቱን ለማጥፋት ከብዙ ሀገር ሰው መጣ፤ ሃንጋሪያውያንማ የሚግ አውሮፕላን ሞተሮችን በታንክ ላይ ጭነው ውሃና ነፋስ ይተፉበት ነበር። ዓመታት ይፈጃል የተባለው እሳት ኖቬምበር 6 ቀን 1991 የመጨረሻው ጉድጓድ ሲዘጋ አበቃ። በዚህ ላይም ክርክር ነበር፤ ኢራቅ የተቃጠለው በጥምር ጦሩ ቦምብ ነው ትል ነበር። ጉድጓዶቹን ፈንጂ ያጠመደባቸው የኢራቅ ጦር መሆኑ የታወቀ ነው። በአየር ድብደባ የተነሳ እሳትም አልጠፋም።

ታዲያ እያንዳንዱን ጉድጓድ ማን እንዳቃጠለው በምን ተለየ? ሁሉንም መለየት አላስፈለገም። የጸጥታው ምክር ቤት በኤፕሪል 1991 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 687 በኩዌት ወረራ ምክንያት ለደረሰው ቀጥተኛ ጉዳት ሁሉ ኢራቅ ተጠያቂ ናት አለ። ካሣውን እንዲያከፋፍል የተቋቋመው ኮሚሽን ደግሞ በሁለቱም ወገን ወታደራዊ እንቅስቃሴ የደረሰ ጉዳት በካሣው ውስጥ እንዲቆጠር ደነገገ። ማለትም ቦምቡ የአሜሪካ ቢሆንም ሂሳቡ የኢራቅ ነው። ጦርነቱን በወረራ የጀመረ ለተከተለው ሁሉ ይክፈል እንደማለት ነው። ይህ አካሄድ ሥራን ያቃልላል፤ ተበዳይም ሳይጉላላ ይከፈለዋል። ቢሆንም «ማን አደረገው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይደለም፤ ጥያቄውን መዝለል ነው።

ኮሚሽኑ 2.7 ሚሊዮን ያህል አቤቱታዎችን አይቶ ለ1.5 ሚሊዮን ያህል አመልካቾች 52.4 ቢሊዮን ዶላር ፈረደ። ከሁሉ ትልቁ፣ 14.7 ቢሊዮን ዶላር፣ በነዳጅ መስኮቿ ላይ በደረሰው ጉዳት ላጣችው ምርትና ሽያጭ ለኩዌት የተፈረደው ነበር። ገንዘቡ የተቆረጠው ከኢራቅ የነዳጅ ሽያጭ ነው። በመጀመሪያ ከመቶ እስከ 30፣ በኋላ 25፣ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ 5 ተቆረጠ። በመካከሉ የኢራቅ ሕዝብ በማዕቀብ ሲቆረቁዝ፣ በ2003 ራሱ ሲወረር፣ ከ2014 ጀምሮ ከአይ ኤስ ጋር ሲዋጋ ዕዳው አልተሰረዘም፤ ከ2014 እስከ 2018 ብቻ ክፍያው ታግዶ ነበር። ወረራውን ያዘዘው ሳዳም ሑሴን በዲሴምበር 2006 ተሰቅሎ ሞቷል። የመጨረሻው ክፍያ፣ 629 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኩዌት የተላከው በጃንዋሪ 2022 ነው። ጉድጓዶቹ ሲነዱ ባግዳድ ውስጥ የተወለደ ልጅ ያን ጊዜ 31ኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር።